ሻማ የሚያንጠባጥበው አሠልጣኝ

ስለ ስፖርት የሚጻፉ ልብ ወለዶች አካሄዳቸው ይታወቃል። የተናቀ ልጅ ይመጣል፣ ይለፋል፣ በመጨረሻው ደቂቃ ግብ ያስቆጥራል፤ ያኔ ሰው ያከብረዋል፣ እሱም ራሱን ይወዳል። ደስ ይላል። ግን ኳሷ ብረቱን ገጭታ ብትመለስ ኖሮ ልጁ መናቁ ልክ ነበር ማለት ነው?

እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው «አንሲን አካዴሚካልስ» የተሰኘ አስቂኝ ምናባዊ ልብ ወለድ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆድ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ አስማተኞች ገበታቸውን የሚሞላው የኑዛዜ ገንዘብ እንዳይቋረጥባቸው የእግር ኳስ ግጥሚያ ማድረግ አለባቸው፤ ያውም ያለ አስማት። ከጥናት ይልቅ ለእራት የሚተጉ ምሁራን ለልምምድ ሲወጡ፣ በረኛቸውም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሆነው ኦራንጉታን (ትልቅ የዝንጀሮ ዘር) ሲሆን ሳይስቁ ማንበብ ይከብዳል።

ቀልዱ ግን መሠረት አለው። በልብ ወለዱ ከተማ ኳስ ማለት መንገድ ሞልቶ መገፋፋት ነው። ገዢው ቬቲናሪ ማገድ እንደማያዋጣ ስለገባው ሕግ ሊያበጅለት ይነሳል። የእንግሊዝ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1314 የለንደን ከንቲባ በጫጫታው ተማሮ በከተማው ውስጥ ኳስ ከለከለ፤ ሰው ግን መጫወቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1863 ክለቦች ተሰብስበው ሕግ ሲጽፉ ደግሞ የተጋጣሚን ቅልጥም መርገጥ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚለው ተጨቃጨቁ፤ ክልከላው ያልተዋጠለት የብላክሂዝ ክለብ ጥሎ ወጣ። ፕራቼት ብዙ መፍጠር አላስፈለገውም።

የመጽሐፉ ልብ «ናት» የተባለ የዩኒቨርሲቲው የምድር ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው ሻማ ማንጠባጠብ ነው፤ ሰሙ በወጉ ያልወረደበት ሻማ ለአስማተኛ ክብር አይመጥንማ! ትሑት ነው፣ የተማረ ነው፣ ከልክ በላይ ጨዋ ነው። ያስተማረችው እመቤት ጠቃሚ ሆኖ መገኘት እንዳለበት ስላስጠናችው፣ ዋጋ አለኝ ወይ እያለ ሲጨነቅ ይኖራል። ጎብሊን፣ ማለትም በተረት የሚታወቅ የተናቀ ትንሽ ፍጡር፣ ነኝ ብሎ ያምናል። በኋላ ግን ኦርክ መሆኑ ይገለጣል፦ ለጦርነት ከተፈጠረ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ከሚበረግግለት ዘር።

ናት ይህን ሲያውቅ ከተማውን ጥሎ ይሸሻል። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ግሌንዳና ጓደኞቿ ተከትለው ይደርሱበታል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው ከትልቁ ግጥሚያ በፊት ነው። ገና ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተረታም። ራስን መቀበል ሲባል መስታወት ፊት ቆሞ ራስን ማሞገስ የሚመስላቸው መጻሕፍት ሞልተዋል፤ እዚህ ግን ናት ቀና የሚለው ክፉውን ሰምታም ከአጠገቡ ያልተነሳች ሴት ስላለች ነው። ኳሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ግሌንዳም የራሷ ጣጣ አላት። ጓደኛዋን ጁልየትን የምትጠብቃት እየመሰላት ወደ ኋላ ትጎትታታለች። ከባልዲ ለመውጣት የሚፍጨረጨረውን ሸርጣን ሌሎቹ እንዴት እንደሚመልሱት ስትረዳ፣ ራሷን ከጎታቾቹ መካከል ታገኘዋለች። ለእኔ ያ ቦታ ከግጥሚያው ሁሉ ይበልጣል። ትሬቭ ደግሞ አለ፤ ዝነኛ አባቱ በኳስ ምክንያት ስለሞተ እንደማይጫወት ለእናቱ ቃል ገብቶ፣ ባዶ ጣሳ ሲያንቀረቅብ የሚውል ጎረምሳ። (አባትየው በዕድሜው ያገባው አራት ግብ ነው፤ በዚያ ትርምስ ውስጥ አራት ግብ ጀግና ያሰኛል።)

እንከን የለውም አልልም። ጁልየት የምትሳተፍበት የፋሽን ትርዒት ታሪክ ይንዛዛል፣ ግጥሚያውም በጣም ይዘገያል። የባሰው ግን ናት ሁሉን ቻይ መሆኑ ነው፤ ፍልስፍና ያውቃል፣ የፍቅር ግጥም ይጽፋል፣ የአስማተኞቹን ቡድንም ያሠለጥናል። ሰነፍና ነጭናጫ ኦርክ ቢሆን ኖሮ የደራሲው ሐሳብ ይበልጥ ይፈተን ነበር።

መጽሐፉ የ«ዲስክወርልድ» ተከታታይ 37ኛው ነው፤ ይህ ግን ማንንም አያስፈራ። ስለ አስማተኞቹ የቆየ ጠብ የሚነሱ አንዳንድ ቀልዶች ለአዲስ አንባቢ ያመልጡት ይሆናል። ናት፣ ግሌንዳ፣ ትሬቭና ጁልየት ግን የመጡት በዚህኛው ስለሆነ እነሱን ለማወቅ ቀድሞ ማንበብ የሚያስፈልግ ነገር የለም።