የስታክስ ማስተሮች በማን እጅ ቀሩ?

ስለ ስታክስ የሚጻፈው ብዙው ነገር ስለ ድምፁ ነው። ስለ ውሉ፣ ማለትም ማስተሩ (ሸክላው የሚባዛበት ዋናው ቅጂ) የማን እንደሚሆን፣ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ለዛሬ ሙዚቀኛ ግን ከዚህ የአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ሸክላ አሳታሚ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው የውሉ ጉዳይ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጂም ስቱዋርት በ1957 ድርጅቱን (በኋላ ስታክስ የተባለውን) ሳተላይት ብሎ ሲጀምር የባንክ ሠራተኛ ነበር። እህቱ ኤስቴል አክስተን ቤቷን አስይዛ ባመጣችው 2,500 ዶላር አምፔክስ የሞኖ መቅጃ ገዙ። በ1960 ማክሌሞር ጎዳና ላይ የቆመ አሮጌ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወንበሮቹ ተነሡ፤ ተዳፋቱ ወለል ግን እንዳለ ቀረ። ወለልና ጣሪያው ትይዩ ስላልነበሩ የክፍሉ ድምፅ ከሌላ ስቱዲዮ የተለየ ሆነ። በሞኖ ሲቀዳ ማይክሮፎኖቹ ሁሉ አንድ ትራክ ላይ ስለሚገቡ ሚዛኑ የሚስተካከለው ባንዱ እየተጫወተ ነው፤ ትራምፔቱ አንዲት ኖታ ከሳተ ዘፈኑ ከመነሻው ይደገማል። የስቱዲዮው ቋሚ አጃቢ የነበረው የቡከር ቲ ባንድ ቁጥብነት በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ኤስቴል ደግሞ የሲኒማው ከረሜላ መሸጫ በነበረው ቦታ ሸክላ ቤት ከፍታ፣ ገና ያልታተመውን ቅጂ ለሰፈሩ ወጣቶች እያሰማች አስተያየታቸውን ትለቅም ነበር። ከዚህ የረከሰ የገበያ ጥናት የለም።

ማከፋፈሉን የያዘው አትላንቲክ የተባለ ሌላ ሸክላ አሳታሚ ነበር። በ1960 በእጅ መጨባበጥ የተጀመረው ስምምነት በ1965 ወረቀት ላይ ሰፈረ። ስቱዋርት አጥብቆ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ የአትላንቲኩ ጄሪ ዌክስለር ድርሻውን ከሸጠ ስታክስ ከውሉ መውጣት እንዲችል። ይህ ተፈቀደለት። የቀረውን ግን በወጉ ሳያነብ ፈረመ። በ1967 አትላንቲክ ለዋርነር ብራዘርስ ሰቨን አርትስ ተሸጠ፤ በዓመቱ ስቱዋርት ልውጣ ሲል፣ አትላንቲክ ያከፋፈላቸው ቅጂዎች ማስተር በሙሉ የአትላንቲክ ንብረት እንደሆነ ተነገረው። የስታክስ ትልቁ ኮከብ ኦቲስ ሬዲንግ በዲሴምበር 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ድምፃውያኑ ሳምና ዴቭም ከመጀመሪያው በአትላንቲክ ውል ስር ያሉ፣ በውሰት የመጡ ነበሩና ተመለሱ።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። አሮጌ ቅጂ የስቱዲዮ ወጪ ሳይጠይቅ መሸጡን ይቀጥላል፤ አዲሱ ገበያ እስኪያገኝ ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። ስታክስ ያንን ሲያጣ ከኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው አል ቤል በ1969 አጋማሽ 27 አልበም በአንድ ጊዜ ለቀቀ። አራት ዘፈን ብቻ የያዘው የአይዛክ ሄይስ አልበም ከሁሉ በልጦ ተሸጠ። ከዚያ በ1972 ማከፋፈሉ ለሸክላ ኩባንያው ሲቢኤስ ተሰጠ፣ ዕዳው ተከመረ፣ በ1975 መጨረሻ ፍርድ ቤት ድርጅቱን ዘጋው።

ውል የሚፈርም ሙዚቀኛ ሦስት ነገር ይፈልግ፦ አከፋፋዩ የሚያገኘው ፈቃድ ነው ወይስ ባለቤትነት? ለስንት ዓመት? ውሉ ሲያበቃ ማስተሩ ወደ ማን ይመለሳል? የግጥምና ዜማ መብት ለብቻው የሚታይ ነው፤ ስታክስ ይህን ኢስት ሜምፊስ በተባለ በራሱ የዘፈን መብት ድርጅት ስር ስላስቀመጠ ከአትላንቲክ ጋር ሲለያይ አላጣውም። ዛሬ ለዩቲዩብ ቻናል ዘፈን የሚሰጥ ሰውም እነዚሁኑ መጠየቅ አለበት።

ከ1968 በፊት ያሉት የስታክስ ቅጂዎች አሁንም በዋርነር ስር ናቸው። የኋለኞቹን በ1977 ፋንታሲ የተባለ ኩባንያ ገዛቸው፣ በ2004 ደግሞ ፋንታሲ ራሱ ኮንኮርድ ወደተባለ ኩባንያ ገባ። የሁለቱን ዘመን ሙዚቃ በአንድ አልበም ላይ ማውጣት የፈለገ ዋርነርንም ኮንኮርድንም ማስፈቀድ አለበት።