ማዋለጃ ክፍል መብራት ሲሄድ

አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀይ ሶኬቶች ይታያሉ። መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተነሥቶ ለእነሱ ኃይል ይሰጣል። በየወሩም ጭነት ተሸክሞ ለ30 ደቂቃ ይፈተሻል። አገር ቤትም አንዳንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ ውስጥ ጄኔሬተር አለ። ግን ናፍጣው አልቋል፣ ወይም የማስነሻ ባትሪው ሞቷል፣ ወይም ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ቤቱ ገብቷል። ምጥ ደግሞ ሌሊት ይመጣል።

ቤተሰቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲል አዋላጇ ገና አልጨረሰችም፤ የሚያሰጋው ደም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዷ ዘመድ ስልክ ታበራላታለች። ጨርቅ ውስጥ የገባ ደም በስልክ ብርሃን ጥቁር ነው፤ ግማሽ ሊትር ይሁን አንድ ሊትር፣ ከተቀደደ ቦታ ይምጣ ካልተኮማተረ ማህፀን፣ አይለይም። ለዚህ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይቀድማል፤ ሁለቱንም እጆቿን ነጻ ያደርግላታል።

ጉዳቱ ግን ከሌሊቱ በፊትም ይጀምራል። ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ ጭን ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ማለትም ማህፀን አኮማትሮ ደም የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁ እየጠፋ መድኃኒቱ ሙቀት ላይ ሲቆይ እየደከመ ይሄዳል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። አዋላጇ በወቅቱ ትወጋለች፣ ማህፀኑ ግን በደንብ ላይኮማተር ይችላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ በሶላር የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ካለ፣ ኦክሲቶሲኑን በራሱ ሳጥን ምልክት አድርጎ እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል። ኦክሲቶሲን በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሰጥ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ ሚሶፕሮስቶል የሚባል ኪኒን አለ፤ 200 ማይክሮግራም የሆኑ 3 ኪኒኖች በአፍ ይሰጣሉ፤ እርጥበት ስለሚያበላሻቸው እስኪዋጡ ከማሸጊያቸው አይወጡም።

እኛ ውጭ ያለን ገንዘብ አዋጥተን ማሽን እንልካለን። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ አገር ቤት 220 ነው። 220 የሚቀበለውንም ቢሆን መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ካርዱን (የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን) ሊያቃጥለው ይችላል። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አብሮ ይላክ፤ መብራት ሲሄድ ዕቃው ከሶኬት ይነቀል፣ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋም ይቆይ።

ሶላር ለሚያስቡ ስሌቱ ይኸው፦ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት የሚሠራበት 600 ነው። ባለ 10 ዋት 3 አምፖሎች 12 ሰዓት ሲበሩ 360 ይበላሉ፤ ሌሊቱ ያልፋል። 350 ዋት የሚስብ የኦክስጅን ማሽን ግን ያንኑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር አጠገብ መኖር አለበት።

ባትሪውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የስልክ ቻርጅ ነው። አስታማሚው ርቆ የመጣ ነው፣ ለቤተሰቡ መደወል አለበት፤ ክልከላ አይሠራም። ለስልክ ትንሽ ፓኔል ለብቻዋ ትተከል፣ የማዋለጃው መስመር አይነካ። የመጀመሪያው ባትሪ ሲገዛም የሁለተኛው ዋጋ አብሮ ይዋጣ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ መቀየሩ አይቀርም።