ይድረስ ለክቡር ጄኔሬተር፤ ፍልውሃ አጠገብ፣ ከካፌው ጓሮ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍጣዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከካፌው በላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ተከራይ ነኝ። እርስዎ ግን ሳያውቁኝ አይቀሩም። የጭስ ማውጫዎ ቀጥ ብሎ የሚያየው የእኔን መስኮት ነው።

«እርስዎ» የምልዎ ሙድ ልይዝብዎት አይደለም። እርስዎ ራስዎ ቢበዛ የእኔ እኩያ ነዎት። አክብሮቴ ሆድዎ ውስጥ ላለው ነው። ናፍጣው እኮ አንድ ወቅት ነፍስ ነበረው። በዓይን የማይታዩ የባሕር ተንሳፋፊዎች ሞተው ወለሉ ላይ ሰፈሩ። ጭቃ ለበሳቸው። በጭቃው ላይ ሌላ ጭቃ። ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ሲወርዱ የምድር ሙቀት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ያዛቸውና ቀስ አድርጎ ዘይት አደረጋቸው። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ጋዝ ይሆናል፤ ካነሰም ጥሬ ይቀራል። እንደ ቁሌት ነው፣ የእሳቱን ልክ ማወቅ ይጠይቃል። እናቴ ለበዓል ሽንኩርቱን ብቻ ሦስት ሰዓት ታቁላላለች፤ እኛ በአሥር ደቂቃ ስንጨርሰው በዓይኗ ትገርፈናለች። የእርስዎን ብታይ ምን ትል ይሆን? ወደ እኛ የሚመጣው ነዳጅ አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። እዚያ ዘይቱ የተጠነሰሰበት ድንጋይ ብዙው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በቦቴ አፋርን አቋርጦ ሽቅብ አዲስ አበባ። ይህን ሁሉ ዘመንና መንገድ አልፎ እርስዎ ጋ ሲደርስ ሥራው ምንድን ነው? የማኪያቶ ማሽን ማሞቅ።

እሱንም በቅጡ ቢሆን። ከሚጠጡት ሲሶው መብራት ከሆነ ጎበዝ ነዎት። የቀረው ሙቀትና ጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው።

(ባሕርስ እኛም ነበረን። አባይ በረሃን ሲወርዱ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከላይ ተከመረበት። ኦጋዴን ካሉብ ላይም ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እርስዎ ግን አሁንም የውጭ ይጠጣሉ።)

ሒሳብዎም ይገርመኛል። አንድ ሊትር ናፍጣ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሲነድ ግን 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ቀሪውን ክብደት ከየት አመጡት? ከአየሩ ኦክስጅን ወስደው ነው። እኔ በሕይወቴ የሚቀንስ የሥጋ ቤት ሚዛን እንጂ እንዲህ የሚጨምር አላየሁም።

የነጠላውን ጉዳይ ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። አከራዬ ቅዳሜ ነጠላቸውን አጥበው በረንዳው ላይ አሰጡ። ለእሁድ ቅዳሴ ነው። ከሰዓት መብራት ሄደ፣ እርስዎ ተነሱ። ማታ ሊያነሱት ሲሉ ጥለቱ ላይ ቁንጫ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ተረጭተውበታል። በሌባ ጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ተለቀለቀ። ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አምጥተው «ይሄን ነው የምትተነፍሰው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? ጥላሸቱ በደንብ ያልነደደ ካርቦን ነው፤ ነጠላው ላይ የሚታየው ትልቅ ትልቁ ነው፤ የሚያሰጋው ደግሞ የማይታየው ደቃቁ ነው ልበላቸው? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል ልበላቸው? ነጠላው እንደገና ተዘፈዘፈ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በውሰት ነጠላ ተሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የቆሙበትን ቦታ ያውቁታል? ሁለት ደቂቃ በእግር ቢራመዱ (ጎማ የለዎትም እንጂ) ፍልውሃን ያገኛሉ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ቤት ያሠሩት ለዚሁ ውሃ ብለው ነው። አዲስ አበባ የሚለውም ስም ያኔ የወጣ ነው። ከሥሩ መሬቱ ተሰንጥቋል። የዝናብ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ይሞቃል፣ በስንጥቁ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ያለ ናፍጣ። ያለ ድምፅ። ያለ ጥበቃ ሠራተኛ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በነጻ ሙቀት ላይ ነው። እኛ ደግሞ እዚያው ላይ እርስዎን ተክለን፣ ባሕር የተሻገረ እሳት እናነዳለን።

እውነቱን ለመናገር ፍልውሃ ገላ ያጥባል እንጂ ተርባይን አያዞርም። ለእሱ ወደ ስምጥ ሸለቆው መውረድ ነው። ላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ተገኝቷል። 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያም ተተከለ፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ነው። ከዚያ ለዓመታት በብልሽት ቆመ። ሳቅዎ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እንፋሎቱም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይዞ ይወጣል፤ የሸለቆው ውሃ ፍሎራይድም ጥርስ ያበልዛል። ስለዚህ ሙቀቱ ከተወሰደለት በኋላ ውሃውን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ያስፈልጋል። ቢያንስ ግን ተመላሽ አለው። የእርስዎ ጭስ ሄዶ ተመልሶ አያውቅም፤ እኔ ሳንባ ውስጥ ከገባው በቀር።

ስለ አባይማ ባናወራ ይሻላል። ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ እልል አልኩ። ቦንድ ገዝቻለሁ እኮ! ለአከራዬ «ጓሮ ያለው ሰውዬ በቃ ጡረታ ወጣ» ብያቸው ነበር። ለካ ግድብ ሌላ፣ ጥግ ላይ ያለው ምሰሶ ሌላ። ግድቡ ሞልቶ እያለ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ጧ ካለ አለቀ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል ነበር። አሁን ደግሞ ናፍጣ ጠማው።

አንድ ጥያቄ ብቻ። በጀሪካን ነዳጅ አይቀዳም ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ በየማለዳው አጠገብዎ የሚቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ይህን አልሰማም? ወይስ እሱም በእርስዎ ጩኸት ደንቁሮ ነው?

ይህን ስጽፍ አምፖሌ ብልጭ አለ። ማዶ ያሉት ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። እርስዎ ግን አላቆሙም። እንዲህ ሆኖ ባለፈው ሳምንት መብራት ከመጣ በኋላ አርባ ደቂቃ ሠርተዋል፤ የሚያጠፋዎት ሰው ከጎንዎ ተቀምጦ «መጣ» የሚለውን መስማት ስላልቻለ። ደብዳቤውን ትቼ በነጠላ ጫማ ወረድኩ። ጥበቃው በርጩማቸው ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ መብራት!» አልኳቸው፣ ጆሯቸው ሥር።

«ምን?»

«መብራት!»

ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ፣ «ሄዷል!»

አክባሪዎ፣
የሦስተኛ ፎቁ ተከራይ