«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ማለት ይብቃን

ወገኖች፣ ራሳችንን ሲያመን፣ መገጣጠሚያ ሲቆረጥመን፣ ጨጓራ ሲያቃጥለን፣ ሥራ በዝቶ ሲደክመን ሳይቀር «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እንላለን። ደም ሰጥተን «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ካልተባልን የታከምን አይመስለንም። «ይህ ምርመራ አያስፈልግህም» የሚል ሐኪም ካጋጠመን ደግሞ «ይሄ ምን ያውቃል» ብለን ቀጥሎ ያለው ክሊኒክ እንገባለን። እዚያ ያለው ባለሙያ ምርመራው እንደማይረባ እያወቀ፣ ደንበኛ እንዳይቀርበት ወረቀቱን ይሞላል። የታማሚው ጥፋት ካለማወቅ ነው ይባል፤ የባለሙያው ግን ምን ሊባል ነው?

«ታይፎይድ አለብህ» የሚባልበት የደም ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው። ጀርሙን ፈልጎ አያገኝም፤ የሚያየው ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሕመሙ ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ድሮ ታይፎይድ ይዞት የነበረ፣ ክትባት የወሰደ፣ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ (የታይፎይድ ጀርም ዘመድ) ያመመው ሰው ዛሬ ጉንፋን ቢይዘው እንኳ ወረቀቱ «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም «አለብህ»፣ ብሎ ይወጣል። ወባም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። በተቃራኒው በእርግጥ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ አንቲቦዲው ገና አልተሠራማ። ውጤቱ ክብደት የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ ከጨመረ ነው። እስቲ ለሁለተኛው ደም ተመልሶ የሄደ ሰው ታውቃላችሁ?

አሠራሩንም እንየው። በስላይድ (በመስታወት ላይ) ሲሠራ ሴረሙ፣ ማለትም ከደሙ የተለየው ውሃማ ክፍል፣ በ80፣ በ40፣ በ20፣ በ10 እና በ5 ማይክሮ ሊትር ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ይህ ከ1፡20 ጀምሮ እስከ 1፡320 ያለውን የማቅጠን ደረጃ ይሰጣል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ፈሳሽ) ይጨመራል፣ ይደባለቃል፣ ለአንድ ደቂቃ እየተወዛወዘ መጓጎሉ ይታያል። ደቂቃው ካለፈ ጠብታው ከዳር መድረቅ ይጀምርና የደረቀው የተጓጎለ ይመስላል። ሪኤጀንቱ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሳይሟሟቅና ሳይነቀነቅ ከተሠራበትም ያሳስታል። ወረፋ በበዛበት ላብራቶሪ አንድ ጠብታ ብቻ ተሠርቶ «1፡80» ሲጻፍ ያ ቁጥር ተገመተ እንጂ አልተለካም። የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ግን በዚያ ግምት ነው።

ዌይል ፊሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራ ይብሳል። በፕሮቲየስ ባክቴሪያ የሚሠራ የ1916 እ.ኤ.አ. ዘዴ ነው፤ በዚያው በፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧውን ያመመው ሰው ታይፈስ አለበት ሊባል ይችላል። እውነተኛው ታይፈስ፣ የቅማል ተስቦ፣ ሰው በተጨናነቀበት፣ ልብስ መቀየሪያና ማጠቢያ በጠፋበት ቦታ ይነሳል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ልብስ ስፌት ውስጥ ቅማል ይፈልጋል፣ ሽፍታ ያያል፣ ዶክሲሳይክሊን ይሰጣል፤ ለአዋቂ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 200 ሚሊግራም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ስፌቱን ሳያዩ ታይፈስ ብሎ መጻፍ ሕክምና አይባልም።

በዚህ ሁሉ መሐል እውነተኛው በሽታ ያመልጣል። ከቆላ የመጣ ትኩሳተኛ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ግርሻ የሚባለው በሽታ (በቅማል የሚተላለፍ ተመላላሽ ትኩሳት) በብለድ ፊልም፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በሚታይ የደም ጠብታ፣ ይታያል፤ ይህ ታማሚ ሳይታወቅበት አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ቤቱ ቢላክ በሰዓታት ውስጥ ሊያንቀጠቅጠውና ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያው መድኃኒት ተኝቶ ክትትል እየተደረገለት ነው መሰጠት ያለበት። መተማ ወይም ሑመራ በቀን ሥራ ሰንብቶ ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ የተመለሰ ሰው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ሊሆን ይችላል። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ፣ ወገቡንና መገጣጠሚያውን የሚያመው፣ ብሩሴላ (ከከብት የሚተላለፍ በሽታ) ሊሆን ይችላል። ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ ቲቢ ይፈለጋል። «ታይፎይዴ በየዓመቱ ይነሳብኛል» የምትሉ ደግሞ ስሙ፤ ታይፎይድ ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ በጠፋ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሚመጣባችሁ ነገር ሌላ ስም አለው፤ ያን ስም ፈልጉ።

ታይፎይድ በእርግጥ ሲጠረጠር፣ ማለትም ትኩሳቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ቀናት ሲቆይ፣ ሆድ ሲያም፣ ሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ሲኖር፣ የሚያስፈልገው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደሙ አሳድጎ ማየት፣ ነው። ደሙ ከአንቲባዮቲክ በፊት ይወሰድ። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ከአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳ። ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ባለሙያ አይጠፋም፤ ያ ጀርሙን መግደል ነው። ካልቸርም ቢሆን ግማሽ ያህሉን ታማሚ ያመልጠዋል፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ) ገዝቶ ለሁለት ቀን የዋጠ ሰው ሲሆን ደግሞ የባሰ። ሲፕሮ ላይ የተላመዱ ጀርሞች ስለበዙ ብዙ ጊዜ አዚትሮማይሲን፣ ለጠናበት ሴፍትሪአክሶን ይመረጣል። ትክክለኛው መድኃኒት ተጀምሮም ትኩሳቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ መድኃኒት አታስቀይሩ፤ ሐኪሙም አይቀይር።

የጤና ባለሙያዎች፣ ፈቃድ ለማሳደስ የምትሰበስቡት የተከታታይ ሥልጠና ነጥብ የት ይደርሳል? በሆቴል አዳራሽ ስላይድ ሲገላበጥ ውሎ፣ ሰርተፍኬት ተይዞ ሰኞ ጠዋት ያው ዊዳል ይታዘዛል። የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል፤ ትኩሳትን ከሥሩ መመርመር የዚህ ሙያ የዕለት እንጀራ ነው። ሥልጠናው በራሳችሁ ክሊኒክ ካርድ ይሁን። ያለፈውን ወር 30 የትኩሳት ካርዶች አውጡ፤ ስንቱ የሙቀት መጠን ተጽፎለታል? ስንቱ የወባ ምርመራ ተሠራለት? ስንቱ በአንድ ዊዳል ብቻ አንቲባዮቲክ ተቀበለ? በሦስት ወር ደግማችሁ ቁጠሩ። የክሊኒክ ባለቤቶችም ይህን ምርመራ ከዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ሰርዙት፤ ገቢው እንደሚያሳሳ የታወቀ ነው።

ታማሚውን ባዶ እጁን አትሸኙት። ምን እንዳልሆነ ንገሩት፣ ፈሳሽና ፓራሲታሞል እንዲወስድ ምከሩት፣ ትኩሳቱ ካልወረደ በ48 ሰዓት እንዲመለስ ቀጠሮውን ጻፉለት። ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካለው፣ ሆዱ ድንገት አሞት ሲነካ ከጠነከረ፣ ከቀባዠረ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ። አንጀት ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ይሂድ።