ኮድ ለመስጠት አምስት ዓመት?

ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ቲቪ ሻጭ የተከሰሰበት የጂፒኤል (ሊኑክስን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች የሚለቀቁበት የአጠቃቀም ፈቃድ) ጉዳይ እንደገና ተራዘመ። በ2026 መግቢያ ላይ ይሰማል ተብሎ ነበር፤ እሱም ወደፊት ተገፋ። ክሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሳሹ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የገንዘብ ካሳ አልጠየቀም። የገዛቸው ቲቪዎች ውስጥ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ስርዓተ ክወናና ሌሎች በጂፒኤል የተለቀቁ ፕሮግራሞች አሉ። ፈቃዱ ደግሞ ዕቃውን የሚሸጥ ሁሉ ሶርስ ኮዱንም፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን፣ አንብቦ ማሻሻል የሚቻለውን ጽሑፍ፣ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ኮዱን ስጡን» ነው ያሉት። በቃ። ይህን ለኩባንያው መናገር የጀመሩት ደግሞ በ2018 ነው።

የቪዚዮ ጠበቆች መልስ ምን ነበር? የዕቃው ገዥ መክሰስ አይችልም፤ መክሰስ የሚችለው ኮዱን የጻፈው የቅጂ መብት ባለቤት ብቻ ነው። ይህን ያሉት ፈቃዱን ሳያነቡ ነው ብዬ አላምንም። አንብበውታል። ጂፒኤል ሁለት (የፈቃዱ ሁለተኛ እትም) ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ኮዱን ከዕቃው ጋር ያልሰጠ ሻጭ፣ ለጠየቀ ለማንኛውም ሦስተኛ ወገን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ቃል መግባት አለበት። ለማንኛውም! ታዲያ ዕቃውን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንዴት ባዕድ ይሆናል? ሲጀመር ፈቃዱ የተጻፈው ለእሱ ነው።

እዚያው አንቀጽ ላይ ያ ቃል ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጸናል ይላል። ሙግቱ ራሱ ከዚያ በለጠ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለተከሳሽ መዘግየት ማለት ማሸነፍ ነው። ቪዚዮ መጀመሪያ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በሜይ 2022 ወደ መጣበት ተመለሰ። ክሱ ያለ ሙግት እንዲዘጋለት ጠየቀ፤ በ2023 መጨረሻ ውድቅ ሆነ። በመሃል ዋልማርት ኩባንያውን በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ክስ የተመሰረተባቸው ቲቪዎችስ? እያረጁ ነው፤ አዲስ ሞዴል ተተክቶባቸዋል። ኮዱ አንድ ቀን ቢመጣ እንኳ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ቪዚዮ ብቻውን አይደለም። ፓሪስ ውስጥ አንትሩቨር የተባለ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የፈረንሳዩን ቴሌኮም ኦሬንጅን በጂፒኤል ጥሰት የከሰሰው በ2011 ነው። ካሳ የተፈረደለት በፌብሩዋሪ 2024። ግዙፍ የቴሌኮም ኩባንያ ይህን ያህል ዓመት ጠበቃ መክፈል አይከብደውም፤ ትንሹ ድርጅት ግን ደመወዝ መክፈል አለበት። ጀርመን ውስጥ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ገንቢው ክሪስቶፍ ሄልዊግ በ2015 ቪኤምዌር የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ከሰሰ። በ2016 ተሸነፈ፣ በ2019 ይግባኙም ወደቀ። ፍርድ ቤቱ ግን ጂፒኤል ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን ጭራሽ አልመለሰም። የትኛው የኮድ መስመር የእሱ እንደሆነ በበቂ አላስረዳም ተባለ። አራት ዓመት፣ መልስ የለም።

በዲሴምበር 2025 ዳኛዋ ለቪዚዮ አንድ ነጥብ ሰጥተዋል። ጂፒኤል ሁለት፣ የተሻሻለው ሶፍትዌር ተመልሶ ቲቪው ላይ ተጭኖ እንዲሠራ የማድረግ ግዴታ አይጥልም ብለዋል። እሺ፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም ፈቃዱን የሚያነበው እንደዚሁ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ኮዱ ነው፤ እሱ አሁንም ቀጠሮ እየጠበቀ ነው።

«ነፃ ኮድ ነው፣ ማን ተጎዳ?» የሚሉ አሉ። ራውተር (ኢንተርኔት የሚያከፋፍል መሣሪያ) አምራቹን ሊንክሲስን ያስታውሱ። በ2003 ጫና ሲበዛበት የአንድ ራውተሩን ኮድ ለቀቀ። ከዚያ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ነፃ ሶፍትዌር ተወለደ፤ አምራቾቻቸው የተዉአቸው ስንትና ስንት ራውተሮች ዛሬም በእሱ ይሠራሉ። ቪዚዮ ኮዱን ይዞ በተቀመጠ ቁጥር የቲቪው ባለቤት የሚያጣው እንዲህ ያለውን ዕድል ነው። እኛም ኪስ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከርነሉ ሊኑክስ ነው። አምራቹ አፕዴት ካቆመ በኋላ ስልኩን ለማቆየት ለሚሞክር ልጅ የመጀመሪያው ነገር ያ ኮድ ነው።

ስለዚህ ዳኞች ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ክሱ በገባ በወራት ውስጥ ተከሳሹ ሙሉ ኮዱን ለፍርድ ቤቱ ያስረክብ። ማን መክሰስ ይችላል፣ ማን አይችልም የሚለውን ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ይከራከሩ። ኮዱ ከእጁ የወጣ ተከሳሽ ቀጠሮ ለማራዘም እንዲህ አይጓጓም።