እንግሊዝኛ «በ» የለውም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ኢሜይል ጻፍኩ። ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እንልክላችኋለን ለማለት ነው። ትምህርት ቤት «እስከ» ማለት «አንቲል» ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ስለዚህ «ዊ ዊል ሴንድ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ» ብዬ ላክሁት። መልሱ በማግስቱ መጣ። «አንድ ጊዜ ከላካችሁልን ይበቃናል» ይላል፤ ከጎኑ አንዲት የምትስቅ ፊት አለች።

ምኑ እንደሚያስቅ ቶሎ አልገባኝም። ለካ «አንቲል ፍራይደይ» ሲባል ነገሩ ሳይቋረጥ ዓርብ ድረስ ይቀጥላል ማለት ነው። ሪፖርቱን ስንልክ፣ ስንልክ ሳምንቱን እንጨርሳለን ብዬ ነበር የጻፍኩት። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው ለማለት «ባይ ፍራይደይ» ነው የሚባለው። አማርኛ ለሁለቱም «እስከ» ይበቃዋል። «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ» እና «እስከ ዓርብ አስረክብ» ሲባል የትኛው የሚቀጥል፣ የትኛው ገደብ እንደሆነ ከግሱ እንረዳለን። ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም።

ችግሩ መስተዋድድን፣ ማለትም እንደ «በ» እና «እስከ» ያሉትን ቃላት፣ በትርጉም መማራችን ነው። ሰሌዳው ላይ ሳጥን ይሳላል። ኳሷ ሳጥኑ ውስጥ ስትሆን «ኢን»፣ ሳጥኑ ላይ ስትሆን «ኦን»፣ ከሥሩ ስትሆን «አንደር»። ለኳስና ለሳጥን ይሠራል። ከሳጥኑ ስንወጣ ግን «በ» ትጠብቀናለች፤ መከራውም እዚያ ይጀምራል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እዩልኝ፦ ሌባው በሌሊት በመስኮት ገብቶ፣ በቢላዋ አስፈራርቶ የወሰደውን ስልክ በገና ዕለት በአምስት ሺህ ብር ሸጠው። አንዲት «በ» አምስት ቦታ ሠራች። እንግሊዝኛ ለዚሁ ሥራ አምስት ሠራተኛ ይቀጥራል፦ «አት ናይት»፣ «ስሩ ዘ ዊንዶው»፣ «ዊዝ ኤ ናይፍ»፣ «ኦን ክሪስማስ ደይ»፣ «ፎር ፋይቭ ታውዘንድ ብር»። አሁን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ «በ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ቢል ምን ይመለስለታል? ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም።

አንዳንዴ ደግሞ አማርኛ መስተዋድድ ያስገባበት ቦታ እንግሊዝኛ ባዶ ይሆናል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለንና «ዲስካስ አባውት» ይመጣል፤ «ዲስካስ» ግን ምንም ሳያስከትል በቀጥታ ጉዳዩን ነው የሚይዘው። «ጠበቅኩህ» ስንል ምንም አላስገባንም፤ እነሱ ግን «ዌይት ፎር» ይላሉ። «ሬዲዮ አዳመጥኩ»ም ያለ «ቱ» አይሆንላቸውም።

ለምን? ብዙ ጊዜ ለምን የለውም። የእኛስ አለው? ዳኛው «ፈረደለት» እና ዳኛው «ፈረደበት»ን እንውሰድ። አንዷ ፊደል አንዱን ሰው ቤቱ ትመልሰዋለች፣ ሌላውን ወህኒ ታወርደዋለች። ይህን ማንም በሕግ አላስተማረንም፤ ከግሱ ጋር ተጣብቆ ነው አፋችን ውስጥ የገባው። (በነገራችን ላይ «መኪናው ተበላሸብኝ» የምትለዋ «ብኝ» እንግሊዝኛም አላት፤ «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» ይላሉ። እዚህ ላይ እንኳ ተገናኝተናል።)

ስምንተኛ ክፍል መምህራችን «ማሪድ ዊዝ» የሚባል ነገር የለም፣ «ማሪድ ቱ» ነው ብሎ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። በሳምንቱ ያነበብነው ምንባብ ውስጥ ግን አንድ ሰውዬ «ማሪድ ዊዝ ቱ ችልድረን» ተብሎ ተጻፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውዬው ሁለት ሕፃናት አገባ ብለን። ምንባቡ ልክ ነበር። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው ማለቱ ነው። መምህሩም ትንሽ አሰብ አደረገና «ዝም ብላችሁ ያዙት» አለን። ያኔ አኩርፌ ነበር። አሁን ሳስበው ከሰጠን ሕግ ሁሉ የተሻለው ምክር እሱ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ትምህርት አደረገው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ታሪኩም በእሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረን መስተዋድድ የምናገኘው ግን ክፍት ቦታ ላይ ነው፤ አራት ምርጫ ተደርድሮ፣ አንዱን አክብቡ። ቃሏን ከጓደኛዋ ነጥለን ብቻዋን እንጠይቃታለን። ደብተር ላይ «ዲፔንድ» ብሎ ከመጻፍ «ዲፔንድ ኦን» ብሎ እንደ አንድ ቃል መጻፍ ምን ይከብዳል?

የሆነ ባለሥልጣን በእንግሊዝኛ ሲሳሳት ቆርጦ እየለጠፉ መሳቅም አይጥመኝም። ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። «ዲስካስ አባውት» ናይጄሪያም ሕንድም በየቀኑ ይባላል፤ ያልገባው ሰው የለም። ባለቤቶቹም ቢሆኑ አይስማሙም፦ እንግሊዞቹ «አት ዘ ዊክኤንድ» ሲሉ አሜሪካኖቹ «ኦን» ይላሉ። ቁም ነገሩ ትርጉም የሚቀይረው ላይ ነው። የ100 ብር ዕቃ «ባይ 40» ከቀነሰ 60 ብር ይከፈላል፤ «ቱ 40» ከቀነሰ 40 ብር። ውል ላይ ይህችን ያምታታ ሰው ሃያ ብሯን ከኪሱ ይከፍላል። «ኦን ታይም» በሰዓቱ ነው፤ «ኢን ታይም» ደግሞ ነገሩ ሳያልፍ መድረስ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ የትኛው እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

የታክሲን ነገር ግን እስካሁን አልፈታሁትም። ቁጭ የሚባልበት መኪና «ኢን»፣ ቆሞ መሄድ የሚቻልበት አውቶቡስ «ኦን» ይባላል። የእኛ ሚኒባስ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት፣ አንዳንዴም ጎንበስ እንዳሉ የሚደረስበት ነው። የቱ ጋ ይመደብ?

ባለፈው ሰሞን ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። በሒሳብ ጎበዝ ናት፣ ክፍት ቦታውን ሙሉ ይላል። «ኢን» ልትጽፍ ስትል «አት» አልኳት።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ያዢው። «ጉድ አት» ብለሽ አንድ ላይ ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ እርሳሷን ነክሳ ትንሽ ቆየች።

«እሺ በእናቷ ትኮራለችስ?»

«ፕራውድ ኦቭ።»

«ሁለቱም «በ» አይደሉ እንዴ?»

«ናቸው» አልኳት። እሷም ገልጣ በአዲስ ገጽ ላይ ጻፈችው።