ልጅ ሳይነቃነቅ የሚሠራ እንቅስቃሴ

እሁድ በመጣ ቁጥር «ልጆቹን ትንሽ እናንቀሳቅሳቸው» ብሎ መኪና የሚያስነሣ ወላጅ ምስጋና ይገባዋል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የሚኖረውማ ደርቦ ይመስገን። ከከተማ ዳር ተነሥቶ፣ ቃሊቲን፣ ሳሪስን፣ መስቀል አደባባይንና ፒያሳን ሰንጥቆ፣ በአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ ሌላ የከተማ ዳር ይደርሳል፤ ሱሉልታ። ሜዳ ፍለጋ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ሜዳ አይባልም፤ ቤንዚን አልተከፈለበትማ!

ሙያው የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን ይገልጥና አልጋ ላይ መዝለል ይጀምራል። ብልህ ወላጅ በዚህ አይታለልም። ያ ጉልበት ውጭ ወጥቶ እንዳይባክን እቤት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ መኪና ይታጠባል፣ ፀጉር ይተኮሳል፣ «መጣሁ፣ ደረስኩ» የሚል ዘመድ ይጠበቃል። መነሻው 5 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሰዓት የወጣ ሰው ሦስት ነገር ያተርፋል፦ መንገዱ ሞልቶ ይቀበለዋል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ የሦስት ዓመቷ ልጅ የቀን እንቅልፍ ደግሞ ልክ መኪናው ሲቆም ይመጣል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቢሆንም ባርኔጣ አይያዝም፤ የተተኮሰው ፀጉር ይተኛል። ክረምት ከሆነ ይህም አያሳስብም፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጥቶ ሁሉንም ወደ መኪናው ይመልሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ አይቀመጥ ብሏል። ጀኔቭ ያሉት ሰዎች የእኛን መንገድ ስላላዩ አይፈረድባቸውም። በየፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ልጁ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? የሚቀመጠውም የፊት ወንበር ላይ፣ አክስቱ ጭን ላይ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ቢጋጭ 12 ኪሎ ልጅ በክንድ ተይዞ አይቀርም የሚሉ አሉ። እነሱ ፊዚክስ ያውቃሉ፤ አክስት ግን ልጁን ትወደዋለች።

አልፎ አልፎ ደግሞ ጉዞው እንቅፋት ያጋጥመዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» የሚውልበት እሁድ ከሆነ፣ ልጆች በአስፋልቱ ላይ ብስክሌት እየነዱና ኳስ እየመቱ መንገዱን ዘግተው ይገኛሉ። ልጆቹን ለእንቅስቃሴ ይዞ የሚሄድ አባት ልጆች በሚንቀሳቀሱበት መንገድ ተከለከለ ማለት ነው። መስኮት ዝቅ አድርጎ ቢራገም ማን ይፈርድበታል?

ልብሱ ነጭ ይሁን፤ ጫማውም። ነጭ ልብስ ከአጥር ይሻላል፤ ልጁ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳላ። ሣሩ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ «ተው! ይቆሽሻል!»፣ ሁለት እርምጃ ሲሮጥ «ትወድቃለህ!»፣ ድንጋይ ሲያነሣ «ጣለው! እጅህን!»፣ በመጨረሻም «ና ቁጭ በል!»። አራቱም ትእዛዞች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃሉ።

ቀጥሎ ፈረስ ነው። በጥልፍ ያሸበረቀው ኮርቻ ላይ ልጁን ያወጡታል። እግሩ እርካቡ ጋ አይደርስም፤ እርካቡ ለብቻው ይወዛወዛል። ልጁ ያለቅሳል፣ እናት «ሣቅ በል!» ትላለች፣ አባት ስልኩን ወደ ጎን ያዞራል። ፈረሱ አንድም እርምጃ አይራመድም፤ ከተራመደ ፎቶው ይደበዝዛል። ከዚያም አብሮ የሚለጠፈው ጽሑፍ ይጻፋል፦ «ንቁ ቤተሰብ»።

ከፈረሱ ጎን በአየር የተነፋው መዝለያ አለ። ይህ እንኳ ከሌላው የተሻለ ነበር፤ ግን የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጋር አብረው ካስገቡት ትልቁ ባረፈ ቁጥር ትንሿ ትወነጨፋለች። ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በዕድሜ ከፋፍሎ ተራ ማስያዝ ይበቃ ነበር። ማን ተነሥቶ? ጥብሱ ታዟል።

የቀኑ ዋና ሥራ ታዲያ ይኸው ነው። ሥጋው ተመርጦ፣ ተመዝኖ፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ እስኪደርስ አንድ ሰዓት። ልጁ ለስላሳ ይያዝለታል፤ ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል፣ ወደ ሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ስኳሩ እንዳያስሮጠው ደግሞ ስልክ ይሰጠዋል። ቅድም ያነሣነው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ስለሚል፣ ጥብሱ ሲመጣ ሕጉ ልክ ተሞልቷል። ቡናው ግን መመሪያ አያውቅም፤ ከአቦል እስከ በረካ ስልኩ የልጁ ነው። በረካ ላይ ባትሪው ያልቃል፣ ለቅሶ ይጀመራል፣ «ደክሞታል፣ እንሂድ» ይባላል።

እንጦጦን የሚመርጡም አሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚተነፍሰው አባት ነው፤ ልጁን ግን እሽኮኮ አድርጎ ይወጣል። አንድ ሰው መንቀሳቀሱ አይካድም።

አሁን ደግሞ ስለማይመሰገነው ጎረቤት። ይህ ሰው እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ፣ በአሮጌ ቱታ፣ ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በእጁ የካልሲ ኳስ አለ። አሠራሩን እንኳ ተጠንቅቆበታል፦ መሀሉ የተቀዳደደ ቲሸርት፣ ላዩ ላይ አንድ ፌስታል፣ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ረጅም የወንድ ካልሲ ጫፍ ውስጥ ገብቶ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ይገለበጣል፣ ደግሞ ይጠመዘዛል፣ አፉ በመርፌ ይሰፋል። ፌስታል ብቻ ከሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ጨርቅ ብቻ ከሆነ የጠዋት ጤዛ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆንና የትንሽ ልጅ ጣት ያሳምማል። ጥምዘዛው ከላላ አሥር ጊዜ ሳይመታ እንቁላል ይመስላል።

ኳሱ ሲሰለች በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ያሰምራል። መወርወሪያው ጠፍጣፋ የሸክላ ስባሪ ነው፤ ክብ ድንጋይ ከመሥመሩ ተንከባሎ ስለሚወጣ። በአንድ እግር መዝለል ለማትችለው ለትንሿ ሳጥኖቹን አጥብቦ በሁለት እግር ይፈቅድላታል። የሚያስፈልገው ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት ነው፤ አንድ መኪና የሚቆምበት ያህል።

እንደ እድል ሆኖ 5 ሰዓት ላይ አንዱ መኪና ለእንቅስቃሴ ይወጣና ቦታው ይለቀቃል። የብሎኩ ልጆች ቀኑን ሙሉ እዚያው ይዘላሉ፤ ለምሳ ይጠራሉ፣ አፋቸውን ሳይጠርጉ ይመለሳሉ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ክላክስ ይሰማል። ልጆቹ ገለል ይላሉ፣ ጎማው ሰኞ ማክሰኞው ላይ ይቆማል። ከሱሉልታ ጀምሮ የተኛው ልጅ ነቅቷል፤ ነጭ ጫማው እንደ ነጣ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ኳሱ ሊሮጥ ይፈናጠራል። አባቱ እጁን ይይዘዋል፦

«በቃ አባዬ፣ መሽቷል። ዛሬ ብዙ ተንቀሳቅሰሃል።»